ለሚስቴ ጡት የላክኋቸው ሽማግሌዎች

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጡት ሳነሳ ኖሬ አንድም ሰው ዶክተር ብሎኝ አያውቅም። ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከፎቶ ቤትና ከጫማ መሸጫ መሃል ተጣብቃ በነበረችው ሱቄ ለስንት ሙሽራ፣ ለስንት ሚዜ፣ ለስንት የሙሽራ እናት እንደሰፋሁ ጠፍቶብኛል። ሴት ደንበኛ ስትገባ መጀመሪያ የማየው ፊቷን አልነበረም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአንገቷ በታች ነበር። ለሥራ ነው። ለሚስቴ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የምነግራት። ከብብት ሥር ተነስታ ወደ ጡት ጫፍ የምትሄድ አንዲት ስውር እጥፋት አለች፤ እሷን በልኳ ካስገባሃት የወረደው ይነሳል፣ ወገብ ይወጣል፣ ሴትየዋ መስታወት ፊት ቆማ «እንዴ!» ትላለች። ግማሽ ሴንቲ ከሳትክ ደግሞ ያቺው ሴትዮ ጆንያ የታቀፈች ትመስላለች። እኔ አልስትም ነበር። በእጄ ማለቴ ነው። አሁን የምጽፈው በአፌ የሳትኩትን ነው።

ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሱቋ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሳለች፤ እኔና ሚስቴ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። የስፌት መኪናዬን መስኮት ሥር አስቀምጫታለሁ። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ ሚስቴ ናት፤ እኔ ደግሞ አመሰግናትና ወዲያው አንድ የሚያናድዳት ነገር እናገራለሁ። በዚህ ዓይነት አርባ አንድ ዓመት ኖረናል። ልጆቻችን ባሕር ማዶ ሄደዋል፤ ትልቋ ብቻ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት ስለምትሠራ ብቅ እያለች ታየናለች።

ነገሩ የጀመረው በሰርግ ነው። የሚስቴ የእህቷ ልጅ ልታገባ ሆነና አክስቶቿ በሙሉ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሰው እንዲታዩ ተወሰነ። ሰፊ ለመምረጥ ብዙ አልተጨነቁም፤ ሥራ የፈታ ሽማግሌ ቤት ውስጥ አለ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሴቶች ሳሎናችንን ሞሉት።

በእኛ ሙያ ልክ የሚወሰደው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ሜትሩን ይዞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሌላው ደብተር ላይ ያሰፍራል። የዚያን ቀን ጸሐፊዋ ልጄ ነበረች። «ትከሻ አርባ አንድ! ደረት መቶ ስምንት!» ስል ባለ ደረቷ «ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ይሰማል!» ትላለች፤ ሌሎቹ ይንከተከታሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ ራሴን አላውቅም። የቆየ በሽታዬ ነው፤ መድኃኒቱ እስካሁን አልተገኘም።

የመጨረሻው ተራ የሚስቴ ነበር። «የእኔን ሌላ ቀን» አለች። «ዛሬ ነው፣ ነይ ቁሚ» አልኳት። ቆመች። ትከሻዋን ለካሁ፣ ጠራሁ። ቀጥሎ የሚለካው ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ ያለው ነው፤ ያቺ ስውር እጥፋት የት ላይ እንደምታርፍ የሚነግረን እሱ ነው። ሜትሩን ከትከሻዋ ለቀቅኩት። ወረደ፣ ወረደ። እኔም መድረክ ላይ እንዳለ ሰው ቆም አልኩና ወደ ልጄ ዞሬ፣

«ጻፊ፣ ከትከሻ እስከ ጡት…» አልኩ። «ተይው፣ ተይው። ወገብ ብለሽ ጻፊው፤ ሁለቱ አብረው ደርሰዋል።»

ሳሎኑ ፈረሰ። አንዷ አክስት የያዘችውን ለስላሳ ጨርቁ ላይ ደፋችው። ልጄ «አባዬ!» እያለች አፏን በደብተሩ ሸፈነች። ሚስቴም ሳቀች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እሷም ስቃለች። እኔም ያንን ሳቅ እንደ ፈቃድ ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሚስቴ ልብሷን ልትቀይር መታጠቢያ ቤት ገባች። ከውስጥ መቀርቀሪያውን ስትወረውር ሰማሁ።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ልብሷን ስትቀይር የኖረችው መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ እያወራችኝ ነው። ስለ ጎረቤት ቧንቧ ወይም ስለ እህቷ ምጥን ሽሮ እያወራች እጅጌዋን ታወልቃለች፤ እኔ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ጋዜጣ አነባለሁ። አነባለሁ ብያለሁ። ከዚያች እሑድ በኋላ ግን በየዕለቱ መቀርቀሪያው «ቀጭ» ይላል። መታጠቢያ ቤታችን አንድ ሰው ገብቶ ሐሳቡን እንኳ የሚቀይርበት ስፋት የለውም። ክርኗ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማኛል፤ በተመታ ቁጥር እኔ በሩ ውጭ ሆኜ «እኔን!» እላለሁ።

«ቀልዴን እኮ ነው» አልኳት በሦስተኛው ቀን።

«አውቃለሁ። እኔም ስቄያለሁ» አለችኝ።



ሰርጉ አለፈ። አክስቶች አማሩ፣ እኔም ተመሰገንኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ሚስቴ ዳቦ እየቆረሰች፣

«ማክሰኞ ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ቀጠሮ አለኝ» አለች።

«የምን? ስለት ነው?»

«ክሊኒክ ነው።»

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ጡቴን ላስነሳ ነው።»

ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ።

«በስልሳ አራት ዓመትሽ?»

«ታዲያ በዘጠናዬ ላድርገው?»

«ማን ሊያየው?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቀልድ ሳልናገረው ዋጥኩ። መልሱ እኔ ነበርኩና፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ እኔም የማየው የመታጠቢያ ቤቱን በር ነው። ዳቦዬን አስቀምጬ አሰብኩ። ይህች ሴት ደም ግፊት አለባት። የእኔን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማረም ብላ ቢላዋ ሥር ልትተኛ ነው። ባትነቃስ? ብትነቃና በሩን ባትከፍተውስ? የትኛው እንደባሰብኝ ብትጠይቁኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ አልለየሁትም።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኳት።

«አፍህን የምትዘጋ ከሆነ ና።»

ማክሰኞ ዕለት ሄድን። ልጃችን ናት በስልኳ ፈልጋ ክሊኒኩን ያገኘችው፤ አንድ የመስታወት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ እኔንም ሚስቴንም አየችን፤ ከዚያ ዓይኗን ደረቴ ላይ አሳረፈችና በትሕትና፣ «ካርዱ ለአባባ ነው?» አለች። ጠበብ ያለ ሹራብ ለብሼ ነበር። ልጅቷን አልፈርድባትም፤ ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንደሚያስፈልገው በዓይን ለመለየት ይቸግር ነበር። ሚስቴ ከሰርጉ ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

መጠበቂያው ክፍል ስንገባ ከሚስቴ ጋር በአንድ ማኅበር ያሉ አንዲት ወይዘሮ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ተያዩ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ምነው፣ በደህናሽ ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ኧረ እኔስ ደህና ነኝ፤ እሱ ነው፣ ደም ግፊቱን ሊለካ። እርስዎስ?»

«እኔም እንዲሁ ለጥርሴ።»

ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ አፍንጫ፣ ሆድ፣ ጡትና የዓይን ቆብ ተሰቅሏል። ጥርስ የሚባል ነገር በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም። እኔ ግን እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ለደም ግፊት አዘጋጀሁ። ሚስት ዋሽታ ባል ካላገዘ ትዳር ምኑ ላይ ነው?

ዶክተሩ በልጄ ዕድሜ ያለ ለስላሳ ሰው ነው። እኔ እንደ ልማዴ እጁን አየሁ። ረጃጅም ጣቶች፣ የተቆረጠ ጥፍር፤ ሱቄ መጥቶ ቢሆን በዚያው ቀን እቀጥረው ነበር። ሚስቴን ከመጋረጃ ጀርባ መረመራትና ተመልሶ ወረቀት ላይ እየሳለ ያስረዳን ጀመር። ጫፉን ዙሪያውን እንቆርጣለን፣ ከዚያ ቀጥ ብለን ወደ ታች እንወርዳለን፣ ትርፉን ቆዳ አንስተን ጫፉን ወደ ላይ እናዛውራለን፣ እንሰፋዋለን አለ። ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። የእኔው እጥፋት ናት! አርባ ዓመት የሠራኋት፣ ተኮርጃ ሕክምና ቤት ገብታለች።

«ዶክተር፣ ፕሮቫ አለው?» አልኩ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ለክተህ፣ ወርውረህ ሰፍተህ፣ አስለብሰህ የምታየው ነገር። እኔ ሳላስለብስ ቆርጬ ብሰጥ ደንበኛ ይገድለኝ ነበር።»

ሚስቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ዶክተሩ ግን አልተቀየመም። «ሙሉ በሙሉ ከመስፋታችን በፊት፣ በማደንዘዣ ተኝተው እያለ አልጋውን ቀና አድርገን ሁለቱ እኩል መሆናቸውን እናያለን» አለ።

«እሱ ነው ፕሮቫ ማለት!» አልኩ። ሁለተኛ ረገጠችኝ።

ሰውየው አላባበለንም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም አለ። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፤ ክብደትና ዕድሜ ሥራቸውን አያቆሙምና ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል አለ። ደም ግፊቱ ሳይስተካከልና የጡት ራጅ ሳይነሳ ደግሞ አልነካዎትም አላት። ሚስቴ ሳይቆረጡ የሚሆን ነገር እንዳለ ጠየቀችው። ጡት ውስጥ ጡንቻ ስለሌለ ስፖርት ከሥር ያለውን ደረት ያጠነክራል፣ ጀርባ ያቀናል፣ ጡቱን ግን አያነሳም አላት። ቅባቱን ሁሉ ይተዉት፣ ከቆዳ ማለስለስ አያልፍም አለ። በልክ የተመረጠ ጡት መያዣ ግን ልብስ ሲለብሱ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሲያወልቁት ነው ልዩነቱ።

ሲያወልቁት የሚለው ላይ ሚስቴም እኔም መሬት መሬት አየን።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አላት ዶክተሩ። «ለምን አሁን አሰቡት?»

ሚስቴ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ከዚያ ያቺን እሑድ ከነሜትሩ፣ ከነደብተሩ፣ ከተደፋው ለስላሳ ጋር ነገረችው። ቀልዱን በእኔው ድምፅ ሳይቀር አወጣችው። ዶክተሩ ላለመሳቅ እስክሪብቶውን ነከሰ፣ ፊቱ ቀላ፣ ግን አልቻለም፤ አመለጠው። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲስቅልኝ ያላስደሰተኝ ያኔ ብቻ ነው። ወንበሩ ውስጥ ብገባ በወደድኩ።

«ይቅርታ» አለ ፊቱን ጠርጎ። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ «እኔ በሌላ ሰው ቃል ምክንያት ሰው አልቀድም። አንድ ወር ያስቡበት። የራስዎ ውሳኔ ከሆነ ይምጡ» አላት።

አንድ ወር! ጮቤ ረገጥኩ። በአንድ ወር ስንት ነገር ይሠራል። ቤት ስንደርስ ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ መሃል ላይ ቀልድ ገባበትና አበላሸሁት። በሩ «ቀጭ» ማለቱን ቀጠለ። ስለዚህ በአገራችን ባል ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሽማግሌ ላክሁ።

ሦስት ናቸው። የእድራችን ዳኛ፤ አውሮፕላን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጉልበቱን የሚያመው ጓደኛዬ፤ ከታችኛው ፎቅ ደግሞ ከወለጋ የመጡ ወንጌላዊ ጎረቤታችን። ቃሉን እንዴት አድርጌ ላውጣው? እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ሰብስቤ «የሚስቴ ጡት» እላለሁ? አፌ ለቀልድ እንጂ ለቁም ነገር አልተፈታም። «ሚስቴ አንድ ነገር ልታደርግ ተነስታለች፤ ዝርዝሩን ከምናገር ብሞት ይሻለኛል፤ ብቻ እንድትተወው ለምኑልኝ» አልኳቸው። ሦስቱም የገባው ሰው እንደሚነቀንቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ፎቅ ወጥተው መጡ። እኔ ማድ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ሚስቴ «ኖር! ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ ዳኛው። ወጉ ነው። የጓደኛዬ ጉልበት ሲንቋቋ እስከ ማድ ቤት ተሰማኝ።

«እመቤቴ» ብለው ጀመሩ ዳኛው፣ «አርባ አንድ ዓመት የተገነባ ትዳር በአንድ ቀን አይፈርስም። ባልዎ ምላሱ ክፉ ነው፣ እናውቃለን፤ ግን ፍርድ ቤት አይሂዱብን።»

ወንጌላዊው ትንሽ ግር ብሏቸው ቀጠሉ። «እውነት ነው እናቴ። ደግሞም ልጆችዎ ይናፍቁዎታል፣ ይገባናል፤ ግን በዚህ ዕድሜ ባሕር ማዶ ሄዶ መቅረት፣ ብርዱም አለ፣ ብቸኝነቱም አለ…»

ጓደኛዬ ሁለቱን አየና፣ «ቤቱንም አይሽጡት» አለ። «ቡልቡላ ዋጋው ገና አልወጣም።»

 ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ግንባሬን ማቀዝቀዣው ላይ አስደገፍኩ።

«ለመሆኑ ምን ብሎ ነው የላካችሁ?» አለች ሚስቴ።

«ስለ… ስለ ጉዳዩ» አሉ ዳኛው።

«የትኛው ጉዳይ?»

ዳኛው ወደ ወንጌላዊው ዞሩ፣ ወንጌላዊው ወደ ጓደኛዬ፣ ጓደኛዬ ወደ መስኮቱ።

«የመጣችሁት ስለ ጡቴ ነው» አለች ሚስቴ፣ ስለ ሽንኩርት እንደሚያወራ ሰው። «ጡቴ ወርዷል። ሐኪም ጋ ሄጄ ላስነሳው እያሰብኩ ነው። እሱ ደግሞ እንድተወው እናንተን ላከ። በሉ፣ አሁን ለምኑኝ።»

ጓደኛዬ ሳይፈቀድለት ተቀመጠ። ወንጌላዊው ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቀሉ። ዳኛው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግመው አወለቁ። በመጨረሻ አፉን የከፈተው ጓደኛዬ ነው።

«ማደንዘዣው ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«ሙሉ ይሻላል። እኔን ጉልበቴን በግማሽ ነው የሠሩኝ፤ ሐኪሞቹ ስለ ምሳ ሲያወሩ ሁሉ እሰማ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለላቸው። ተቀመጡ። ዳኛው ሐሳቡ ከምን እንደተነሳ ጠየቁ፤ ሚስቴም ስለ ልኩ ነገረቻቸው። አንዱም አልሳቀም። ምነው ያኔ አክስቶቹም እንደነሱ በሆኑ።

«ቀልዱ አላስከፋኝም» አለች። «የቀልድ ሰው ነው ያገባሁት፣ ለምጄዋለሁ። አርባ ዓመት የቦሌን ሴት ሁሉ በሜትር ሲለካ ኖረ። እኔን ግን አንድ ቀን ለክቶኝ አያውቅም። የእኔ ቀሚስ ሁልጊዜ ከደንበኛ በተረፈ ጨርቅ፣ በግምት ነው የሚሰፋው። ልካኝ ስለው ‹አንቺን በዓይኔ አውቅሻለሁ› ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትር ያሳረፈብኝ ሰው ፊት ለመሳቂያ ነው።»

ማድ ቤት ውስጥ ቆሜ ቆጠርኩ። አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። በዓይኔ አውቅሻለሁ ማለቴን ግን አስታወስኩ፤ እኔ እንደ ሙገሳ ነበር የምናገረው።

«ና ውጣ አንተ!» አሉ ዳኛው። እዚያ መሆኔን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ወጣሁ። የእኔ አማላጆች ሆነው የመጡት ሰዎች በሩብ ሰዓት ውስጥ ዳኞቼ ሆነው ጠበቁኝ። ፍርዱ አጭር ነበር። ሚስቴ እስክትወስን ድረስ ስለ ጡት፣ ስለ ወገብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሐኪም አንድ ቃል እንዳልተነፍስ፤ የወሰነችውን ደግሞ «እሺ» ብዬ እንድቀበል። ወንጌላዊው በጸሎት ዘጉ። በጸሎቱ መሃል «ለሰውነት ክፍሎች ሁሉ» የሚል ቃል አለፈ፤ ጓደኛዬ «አሜን» ያለው ከሌላው ጊዜ ጮክ ብሎ ነው።

ዝም አልኩ። ለእኔ ዝም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል፤ በሳምንቱ መጨረሻ መንጋጋዬን አመመኝ። ሚስቴ ግን ዶክተሩ የነገራትን አንድ በአንድ ሞከረች። ከልጃችን ጋር የገበያ ማዕከል ሄደች፤ እዚያ ጡት መያዣ የምትሸጠው ልጅ በሥርዓት ለክታት ለዓመታት ሁለት ቁጥር የተሳሳተ ጡት መያዣ ስትለብስ እንደኖረች ነገረቻት። የልብስ ሰፊ ሚስት! ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ሁለት የውኃ ፕላስቲክ ይዛ እጇን ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ጀርባዋ ቀና አለ፣ አካሄዷም ተለወጠ። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ዝም። ራጁን ተነሳች፤ ደህና ነሽ ተባለች። ደም ግፊቷም ተስተካከለ፤ ምናልባት እኔ ዝም ስላልኩ ይሆናል።

ወሩ ሲሞላ፣ «ወስኛለሁ። ላደርገው ነው» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። ከዚያ አላስችል አለኝና፣ «በእኔ ምክንያት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አንተ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ በአንተ ምክንያት የሚሆን ይመስልሃል!» አለችኝ። «የመጨረሻውን ልጅ ጡት ካስጣልኩ ጀምሮ ሳስበው የኖርኩት ነው። ያኔ ልጆች ነበሩ፣ ከዚያ ትምህርታቸው መጣ፣ ከዚያ የእናትህ ሕመም። ያለ ልብስም መስታወት ፊት ስቆም ደስ እንዲለኝ ነው የምፈልገው፤ በቃ። ያንተ ቀልድ ቀኑን ብቻ ነው የቆረጠው።»

ሁለት ወር ሙሉ በጸጸት ስንገበገብ፣ ለካስ ጸጸቱም የእኔ ድርሻ አልነበረም። እሱንም ነጠቀችኝ።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ቤተሰብ ይፈርም ተባለና ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ልጄ፣ «አባዬ፣ ጀስት ሳይን አድርገው፣ ኢትስ ኦኬ» ትለኛለች፤ የእሷም ዓይን ግን እንባ አቅርሯል። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ዶክተሩ ሲወጣ መጀመሪያ መንቃቷን ጠየቅኩት። ነቅታለች አለኝ። ሁለተኛ ፕሮቫው እንዴት እንደነበር ጠየቅኩት። ልጄ አፈረችብኝ።

ቤት ስትመለስ ለጥቂት ሳምንት እጇን ከትከሻዋ በላይ እንዳታነሳ ታዘዘች። በራስ ላይ የሚጠለቅ ልብስ አይቻልም፤ ስለዚህ ከፊት የሚቆለፉ ሦስት ሸሚዞች አስቀድሜ ሰፍቼላት ነበር። ልኳን እኔ አልወሰድኩትም። የገበያ ማዕከሏ ልጅ ጽፋ የሰጠቻትን ቁራጭ ወረቀት ሚስቴ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ፤ እኔም ምንም ሳልል ከዚያ ላይ ሰፋሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ክሊኒኩ የሰጣትን ጋወን ያለበሰቻት ልጃችን ነች፤ ሸሚዞቼ ገና አልተነኩም። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ግን ልጃችን ሥራ ገባች። ሚስቴ ታጥባ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆየች። እኔ ሳሎን ሆኜ ክርኗ ግድግዳ ሲመታ ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ ደግሞ ተመታ።

«ሰውዬ!»

«አቤት!»

«ና።»

በሩ ክፍት ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ቆማለች፤ የሸሚዙ አንድ እጅጌ ገብቷል፣ ሁለተኛው ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ሁለት ሰው ስለማይችል የእኔ ግማሽ አካል ውጭ ቀረ።

«መነጽርህን አድርግ» አለችኝ። «እይና ንገረኝ። እንደ ባል አይደለም፣ እንደ ልብስ ሰፊ።»

ዞረች። መነጽሬን አደረግኩ። ብዙ አየሁ። ቆዳው ገና ያበጠ፣ ቦታ ቦታ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ነው፤ ስፌቱ ግን ቀጭን፣ እኩል፣ አንድ ቦታ ያልተሸበሸበ።  ምላሴ በሚያስፈልገኝ ቀን ጥላኝ ሄደች።

«የግራው በሁለት ሚሊ ከፍ ይላል» አልኩ በመጨረሻ።

«እብጠቱ ሲወርድ ይስተካከላል ብሏል። እንደዚህ እንደምትል ነግሬው ነበር።» ዓይኗ ከፊቴ አልተነሳም። «ስፌቱስ?»

«እኔ እንደዚህ ሰፍቼ አላውቅም።»

 የተንጠለጠለውን እጅጌ አነሳሁና አለበስኳት፤ መቆለፍ ጀመርኩ። ቁልፉ እምቢ አለኝ። ጣቶቼ ተሳሰሩ። ደግሜ ሞከርኩ። ሚስቴ ቁልቁል አየችና፣

«አንተ፣ ይህ የወንድ ሸሚዝ ነው!» አለች። «ቁልፉን በወንድ በኩል ነው የሰፋኸው!»

አየሁት። እውነቷን ነው። አርባ ዓመት የሴት ልብስ ብቻ የሰፋሁ ሰው፣ ሦስቱንም ሸሚዞች ለራሴ ሰፍቻቸዋለሁ። ሚስቴ መሳቅ ጀመረች፤ ወዲያው በሁለት እጇ ደረቷን ደግፋ «ወይኔ! አታስቀኝ፣ ስፌቱ ያመኛል!» አለች። «ምንም አላልኩም እኮ!» አልኳት። ባሰባት። «ዝም በል! ፊትህንም አዙር!» ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ በዳበሳ አንድ ቁልፍ ቆለፍኩ፤ የማይገባው ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ከጀርባዬ እያቃሰተች ትስቃለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንዳይስቅ ስጥር ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞም አልሆነልኝም።